የተናቀው ዓሣ እንዴት እንደ ከበረ

የአንድ ነገር ዋጋ ከነገሩ ጋራ አብሮ የተፈጠረ ይመስለናል። ወርቅ የተወደደው ወርቅ ስለ ሆነ፥ ገለባም የረከሰው ገለባ ስለ ሆነ ነው እንላለን። ታሪክ ግን ዋጋን የሚሠራው ሰው መሆኑን፥ ሰውም ራሱ በሠራው ዋጋ ተመልሶ እንደሚገዛ ያስተምረናል። ለዚህ ትምህርት ከሚጠቀሱት ምሳሌዎች አንዱ በጃፓን ዋና ከተማ በቶኪዮ የዓሣ ገበያ የሚደረገው የቱና ዓሣ ሐራጅ ነው።

በጃንዋሪ 5 ቀን 2026 (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው) ገና ሌሊቱ ሳይነጋ፥ ቶዮሱ በተባለው ገበያ 243 ኪሎ የሚመዝን አንድ ቱና ለሐራጅ ቀርቦ በ510 ሚሊዮን 300 ሺሕ የን ተሸጠ። ይህ ገንዘብ በአሜሪካ ሒሳብ ወደ 3 ሚሊዮን 200 ሺሕ ዶላር ይጠጋል፤ በሚዛኑ ሲካፈልም የአንዱ ኪሎ ዋጋ 2 ሚሊዮን 100 ሺሕ የን ይሆናል። ወሬው በዚያው ዕለት በብዙ አገር ጋዜጦች ተሠራጨ። የሰማውም ሁሉ «ይህ ምን ዓይነት ዓሣ ቢሆን ነው?» ብሎ መጠየቁ አልቀረም።

ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን መልሱን በዓሣው ሥጋ ውስጥ ብቻ የሚፈልግ ሰው አያገኘውም። ምክንያቱም የዚሁ ዓሣ ዘር ከሁለት መቶ ዓመት በፊት በዚያችው ከተማ የድኻ ምግብ ነበረ፤ ዛሬ ከሁሉ ይልቅ የሚወደደው ጮማውም ያን ጊዜ እየተቆረጠ ይጣል ነበረ። ስለዚህ በመጀመሪያ ዓሣው ምን እንደ ሆነ፥ ቀጥሎም ከንቀት ወደ ክብር እንዴት እንደ ወጣ፥ ሐራጁም እንዴት እንደሚካሄድ በየተራው እንመለከታለን። በመጨረሻም ለዚህ ሁሉ ክብር ባሕሩ የከፈለውን ዋጋ እናስባለን።

ቱና የሚለው ስም አያሌ ወገኖችን ያጠቃልላል። በቆርቆሮ ታሽጎ በየሱቁ የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ ከትንንሾቹና ከርካሾቹ ወገኖች የተገኘ ነው። በቶኪዮ ሐራጅ የሚከበረው ግን ባለ ሰማያዊ ክንፍ የሚባለው ትልቁ ቱና ሲሆን፥ ጃፓኖች «ሆን ማጉሮ» ብለው ይጠሩታል፤ ይኸውም እውነተኛው ቱና ማለት ነው። የብዙዎቹ ዓሦች ሰውነት እንደሚኖሩበት ውሃ የሚሞቅና የሚቀዘቅዝ ሲሆን፥ ይህ ዓሣ ጡንቻው ሲሠራ የሚፈጠረውን ሙቀት በደም ሥሮቹ አቀማመጥ አማካይነት ይዞ ስለሚያስቀር፥ ከሚዋኝበት ውሃ ይልቅ ሰውነቱ ይሞቃል። በዚህም ኀይል ያለ ዕረፍት እየዋኘ ታላላቅ ውቅያኖሶችን ያቋርጣል።

የብርዱ ወራት ሲቃረብ ከእነዚህ ዓሦች ብዙዎቹ ሆንሹና ሆካይዶ በተባሉት ደሴቶች መካከል ወዳለው ወደ ጹጋሩ ወሽመጥ ይመጣሉ። በዚያም ስኩዊድ የተባለውን የባሕር እንስሳና ልዩ ልዩ ትንንሽ ዓሦችን እየተመገቡ ይሰባሉ። በወሽመጡ ዳር የምትገኘው ኦማ የተባለች ትንሽ ከተማ ስሟ በጃፓን ሁሉ የታወቀው በዚሁ ምክንያት ነው። የኦማ ሰዎች በትንንሽ ጀልባ ወጥተው፥ እንደ በሬ የሚከብደውን ዓሣ በአንድ መንጠቆና በአንድ ገመድ ይይዙታል። ዓሣው ብዙ ታግሎ የሞተ እንደ ሆነ ሰውነቱ ከመጠን በላይ ይግላል፤ የሥጋው መልክ ይነጣል፥ ጣዕሙም ይበላሻል። ጃፓኖች ይህን ጉዳት «ቃጠሎ» ይሉታል። ስለዚህ ዓሣው እንደ ተያዘ ፈጥኖ ይገደላል፤ ደሙም ይፈስና በበረዶ ውስጥ ይቀበራል። እንግዲህ ከዋጋው አንዱ ክፍል በእርግጥ የዓሣው ባሕርይና የአጥማጁ ጥበብ ነው። ይህ ባሕርይና ይህ ባሕር ግን ድሮም ነበሩ፤ ዋጋው ግን አልነበረም።

ቶኪዮ ኤዶ ተብላ በምትጠራበት በቶኩጋዋ መሳፍንት ዘመን ቱና የተናቀ ዓሣ ነበረ። የተከበሩት ሰዎች የሚመርጡት ሥጋው ነጭ የሆነውንና ጣዕሙ ቀለል ያለውን ዓሣ ነበረ። ቱና «ሺቢ» በሚል ስም ይጠራ ስለ ነበረ፥ ይህም ስም በጃፓንኛ «የሞት ቀን» ከሚለው ቃል ጋራ በድምፅ ስለሚመሳሰል፥ ጦረኞቹ መሳፍንት በገበታቸው ላይ ሊያዩት አይወዱም ነበረ ይባላል። ከስሙ ይልቅ የጎዳው ግን የመበላሸቱ ፍጥነት ነው። በረዶ እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን፥ ከሩቅ ባሕር ተይዞ የሚመጣ ቅባታም ዓሣ ከተማ ሳይደርስ ይሸት ነበረ። ከሁሉም ይልቅ ፈጥኖ የሚበላሸው የሆዱ ጮማ ስለ ነበረ፥ ሕዝቡ «ድመት እንኳ ተራምዶት ያልፋል» እያለ ይቀልድበት ነበረ። ድኾች ብቻ ከባሮ ሽንኩርት ጋራ ቀቅለው ይበሉት ነበረ።

በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በኤዶ መንገዶች ላይ በእጅ የተጨበጠ ሩዝ ዓሣ ተደርጎበት መሸጥ ጀመረ፤ ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ሱሺ ይህ ነው። በ1830ዎቹ ዓመታት ቱና በብዛት በተያዘ ጊዜ፥ ሻጮቹ ቀዩን ሥጋ ከአኩሪ አተር በሚዘጋጀው ጨዋማ ፈሳሽ እየነከሩ እንዳይበላሽ በማድረግ በሱሺ ላይ አዋሉት ይባላል። ቱና ወደ ክብር የወጣበት የመጀመሪያው እርከን ይህ ነው። ሆኖም የከበረው ቀዩ ሥጋ ብቻ ነበረ፤ ጮማው አሁንም ከመጣል አልዳነም። ዛሬ ጮማው የሚጠራበት «ቶሮ» የሚለው ስም እንኳ የመጣው በ20ኛው መቶ ዓመት ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጃፓን ሕዝብ አመጋገብ ተለወጠ። የላምና የአሳማ ሥጋ፥ ወተትና ቅቤም ቀድሞ ከነበረው ይልቅ እየተለመደ ሄደ። ቅባትን የለመደ አፍም ቀድሞ ይጠላው የነበረውን የዓሣ ጮማ መውደድ ጀመረ። በአገራችን የጮማን ጣዕም የሚያውቅ አንባቢ ይህን ለውጥ ለመረዳት አይቸግረውም። ነገር ግን ዕድገቱ ያለ እንቅፋት የተካሄደ አልነበረም። በማርች 1 ቀን 1954 አሜሪካኖች በቢኪኒ ደሴቶች አጠገብ የሃይድሮጂን ቦምብ ሲፈትኑ፥ 23 ሰዎች የነበሩባት አንዲት የጃፓን ቱና አጥማጅ መርከብ በመርዛማው ዐመድ ተመታች። በሴፕቴምበር ወር ከመርከበኞቹ አንዱ ሞተ። ከዚያች መርከብ የመጣው ቱና በቶኪዮ ገበያ ግቢ ውስጥ ጉድጓድ ተቆፍሮ ተቀበረ፤ ሕዝቡም ፈርቶ ዓሣ መግዛት ስለ ተወ የቱና ዋጋ ወደቀ። ከሌላ ባሕር በደኅና የመጣው ዓሣ በሥጋው አንዳች ለውጥ ሳይኖረው፥ በሰው ልብ ውስጥ የነበረው እምነት ብቻ ስለ ተናወጠ ዋጋ አጣ። ይህ ነገር በኋላ ለምንናገረው ማስረጃ ስለሚሆን አንባቢ ልብ እንዲለው እንለምናለን።

ፍርሃቱ እየበረደ ከሄደ በኋላ ሁለት ታላላቅ ነገሮች መጡ። የመጀመሪያው የማቀዝቀዣ ጥበብ ነው። በ1960ዎቹ ዓመታት የጃፓን መርከቦች ዓሣውን ከዜሮ በታች እስከ 60 ዲግሪ የሚያደርቅ ማቀዝቀዣ መያዝ ጀመሩ። በዚህ ብርድ የተያዘ ቱና ቀይ መልኩን ሳይለቅ ብዙ ወራት ይቈያል። ስለዚህ መርከቦቹ ከአገራቸው እጅግ ርቀው በሌሎች ውቅያኖሶች እያጠመዱ፥ በጥሬው ለመብላት የሚበቃ ዓሣ ይዘው ለመመለስ ቻሉ።

ሁለተኛው አይሮፕላን ነው። በዚያን ጊዜ በካናዳና በአሜሪካ የአትላንቲክ ዳርቻ ባለ ሰማያዊ ክንፉን ቱና የሚይዙት አብዛኛውን ጊዜ ለስፖርት የሚያጠምዱ ሰዎች ነበሩ። ከዓሣው አጠገብ ቆመው ፎቶግራፍ ከተነሡ በኋላ ሬሳው ለድመትና ለውሻ ምግብ ሠሪዎች በጥቂት ሳንቲም ይሸጥ፥ አለዚያም ይቀበር ነበረ። በሌላ በኩል የጃፓን አየር መንገድ አይሮፕላኖች የአገራቸውን የፎቶግራፍና የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ወደ ሰሜን አሜሪካ አድርሰው ሲመለሱ የሚጭኑት በቂ ዕቃ አልነበራቸውም። የአየር መንገዱ ሠራተኞች ለመልሱ የሚሆን ጭነት ሲፈልጉ ይህን የተናቀ ዓሣ አገኙ። ከብዙ ሙከራ በኋላ በኦገስት 14 ቀን 1972 ከካናዳ በአይሮፕላን የመጡት ቱናዎች በቶኪዮ ሐራጅ ተሸጡ። የየን ዋጋ ከዶላር አንጻር ከ1971 ወዲህ ከፍ እያለ መሄዱም ከውጭ አገር መግዛትን ለጃፓኖች አቀለለላቸው። በአንድ ዳርቻ ድመት ይበላው የነበረ ዓሣ፥ በሌላው ዳርቻ ጌቶች የሚሻሙበት ሆነ። ከዚያም ወዲህ የቦስተን፥ የስፔንና የአውስትራልያ አጥማጆች ጠዋት ሲነሡ የሚጠይቁት የቶኪዮን ዋጋ ሆነ።

አሁን ወደ ገበያው እንመለስ። ቶኪዮ ገና ኤዶ በነበረች ጊዜ የዓሣ ገበያዋ ኒሆምባሺ በተባለው ድልድይ አጠገብ ነበረ። በ1918 በመላው ጃፓን የሩዝ ዋጋ በመናሩ ሕዝብ ከታወከ በኋላ፥ መንግሥት የምግብ ንግድ ጥቂት ነጋዴዎች በስውር የሚወስኑት እንዳይሆን አሰበ። በ1923 የማዕከላዊ ጅምላ ገበያዎች ሕግ ወጣ፤ ከዓላማዎቹም አንዱ ዋጋ በይፋ ሐራጅ እየተነገረ እንዲወሰን ማድረግ ነበረ። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር 1 ቀን ታላቁ የመሬት መንቀጥቀጥ የኒሆምባሺን ገበያ አጠፋው። በምትኩ የተሠራው የጹኪጂ ገበያ በ1935 ተከፍቶ ከሰማንያ ዓመት በላይ አገለገለ፤ በኦክቶበር 2018 ደግሞ ሥራው ወደ ቶዮሱ ተዛወረ።

ሐራጁ የሚካሄደው እንደሚከተለው ነው። ከየወደቡ የመጣውን ዓሣ በዐደራ ተቀብለው የሚሸጡ ትልልቅ ኩባንያዎች ቱናዎቹን በወለሉ ላይ በረድፍ ያጋድሟቸዋል፤ በእያንዳንዱም ላይ ቍጥር ይደረግበታል። የጅራቱ ጫፍ ተቆርጦ ሥጋው እንዲታይ ይደረጋል። ፈቃድ ያላቸው ገዢዎች የእጅ ባትሪ ይዘው እየዞሩ የሥጋውን ቀለም ያያሉ፤ ትንሽ ቍራጭም በጣታቸው እያሹ የቅባቱን ልክ ይመረምራሉ። ከጅራቱ ብቻ ተነሥቶ በሆዱ ውስጥ ያለውን ጮማ መገመት ብዙ ዓመት የሚጠይቅ ጥበብ ነው። ከዚያ ደወል ይደወላል። አጫራቹ ከፍ ካለ ቦታ ቆሞ በዜማ በሚመስል ድምፅ ዋጋውን ይጠራል፤ ገዢዎቹም አንድ ቃል ሳይናገሩ በጣቶቻቸው ምልክት ይሰጣሉ። ሥራውን ያልለመደ ተመልካች ማን እንደ ገዛና በስንት እንደ ገዛ ሳይገባው፥ አንዱ ዓሣ ተሸጦ ወደ ሁለተኛው ይታለፋል።

በተራው የሥራ ቀን በዚህ ሐራጅ የሚወሰነው ዋጋ በጥንቃቄ የተመዘነ የንግድ ዋጋ ነው። ገዢው ዓሣውን ቈራርጦ ለሱሺ ቤቶች አትርፎ መሸጥ አለበትና ከልኩ አያልፍም። ዓለምን የሚያስደንቀው ዋጋ የሚታየው ግን በአዲሱ ዓመት የመጀመሪያ ሐራጅ ቀን ነው። ጃፓኖች በዚህ ቀን የሚከፈለውን «ጎሹጊ ሶባ» ይሉታል፤ በእኛ አነጋገር «የእንኳን አደረሳችሁ ዋጋ» ብንለው አንሳሳትም። ለዓመቱ መልካም ገድ እንዲሆን ከልክ በላይ የሚከፈል የደስታ ገንዘብ ነው።

ይህ የደስታ ገንዘብ ወደ ውድድር የተለወጠው በቅርብ ዘመን ነው። ከ2012 በፊት በነበሩት ጥቂት ዓመታት የመጀመሪያውን ዓሣ የሆንግ ኮንግ የሱሺ ነጋዴ ከጃፓን ባልደረባ ጋራ እየሆነ ይገዛው ነበረ። በ2012 ኪዮሺ ኪሙራ የተባሉት የጃፓን ሱሺ ቤቶች ባለቤት፥ በቀደመው ዓመት በምድር መንቀጥቀጥና በባሕር ማዕበል ያዘነው ሕዝባቸው ይህን ዓሣ በአገሩ እንዲበላው በማለት 269 ኪሎውን በ56 ሚሊዮን 490 ሺሕ የን ገዙ። በ2013 ፉክክሩ ስለ በረታ 222 ኪሎ የሚመዝን ዓሣ 155 ሚሊዮን 400 ሺሕ የን አወጣ። በ2014 ተፎካካሪው ስላልበረታ 230 ኪሎ የሚመዝነው ዓሣ በ7 ሚሊዮን 360 ሺሕ የን ብቻ ተሸጠ። ሁለቱም ዓሦች ከአንዱ ከኦማ ባሕር የወጡ ነበሩ፤ ነገር ግን የኪሎው ዋጋ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ700 ሺሕ የን ወደ 32 ሺሕ የን ወረደ። በ2019 ሌሎች የጃፓን ነጋዴዎች ተነሥተው በተፎካከሩ ጊዜ 278 ኪሎ የሚመዝነው ዓሣ 333 ሚሊዮን 600 ሺሕ የን አወጣ። የኮሮና ወረርሽኝ ምግብ ቤቶችን በዘጋ ጊዜ ደግሞ የ2022 ዓሣ 16 ሚሊዮን 880 ሺሕ የን ብቻ ወጣለት።

ይህን የዋጋ ከፍታና ዝቅታ ላስተዋለ ሰው ነገሩ ግልጥ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ የዓሣው ጣዕም ሃያ እጥፍ አይቀንስም፤ የቀነሰው የተፎካካሪዎቹ ፍላጎት ነው። በ2012 ነጋዴው የከፈሉትን ገንዘብ ከአንዷ ጉርሻ ለማውጣት ቢፈልጉ ኖሮ እያንዳንዷን እስከ 5 ሺሕ የን መሸጥ በተገባቸው ነበረ፤ እርሳቸው ግን ከ418 የን ባልበለጠ ዋጋ ለደንበኞቻቸው አቀረቧት። በንግድ ሒሳብ ይህ ኪሳራ ይመስላል። ዳሩ ግን በዚያ ቀን የነጋዴው ስምና የሱሺ ቤታቸው ሥዕል በጋዜጣና በቴሌቪዥን ለዓለም ሁሉ ታይቷል፤ ይህን ያህል ማስታወቂያ በገንዘብ ቢገዛ ኖሮ ስንት እንደሚያወጣ መገመት አያስቸግርም። እንግዲህ በጃንዋሪ 5 ቀን የሚሸጠው ሥጋው ብቻ አይደለም፤ ከሥጋው ጋራ ቀኑ፥ ክብሩና ወሬውም ይሸጣሉ። በ1954 እምነት በመናወጡ ዋጋ እንደ ወደቀ፥ አሁንም ዝና በመብዛቱ ዋጋ ይወጣል። ሁለቱም የሚመነጩት ከሰው ልብ ነው።

ብዙ ሰዎች ይህን ታላቅ ዋጋ ሲሰሙ ባሕሩን ባዶ የሚያደርገው እርሱ ይመስላቸዋል። በእኛ አስተያየት ነገሩ እንዲህ አይደለም። በዓመት አንድ ቀን በአንድ ዓሣ ላይ የሚፈሰው ገንዘብ ባሕርን አያጠፋም። ባሕሩን የጎዳው ማንም የማይጽፍለት የየቀኑ ዋጋ ነው፤ ይኸውም ማቀዝቀዣውና አይሮፕላኑ የዓለምን ባሕሮች ሁሉ ከአንድ ከተማ ገበታ ጋራ ካገናኙ በኋላ፥ በየማለዳው ያለ ጩኸት የተከፈለው ነው። በዚህም ምክንያት በምሥራቅ አትላንቲክና በሜዲቴራኒያን ከሕግ ውጭ የሚያዘው ዓሣ እጅግ በዛ። በማርች 2010 የዱር እንስሳት ንግድን የሚቈጣጠሩት መንግሥታት በዶሃ በተሰበሰቡ ጊዜ፥ የሞናኮ መንግሥት የአትላንቲክን ባለ ሰማያዊ ክንፍ ቱና ከአገር ወደ አገር መሸጥ እንዲከለከል ሐሳብ አቀረበ። ጃፓን በብርቱ ተቃወመች። 20 መንግሥታት ደገፉ፥ 68 ተቃወሙ፥ 30 ድምፅ ከመስጠት ተቈጠቡ፤ ሐሳቡም ወደቀ።

የእገዳው ሐሳብ ቢወድቅም ማስጠንቀቂያው ከንቱ አልቀረም። የአትላንቲክን ቱና የሚቈጣጠረው ዓለም አቀፍ ኮሚሽን ለምሥራቁ ባሕርና ለሜዲቴራኒያን የተፈቀደውን መጠን ለ2011 ወደ 12 ሺሕ 900 ቶን አወረደ፤ ቍጥጥሩንም አጠበቀ። ዓሣው እየበዛ ስለ ሄደም ከ2023 እስከ 2025 ለየዓመቱ 40 ሺሕ 570 ቶን ለመፍቀድ ተቻለ። የፓሲፊኩ ወገን ደግሞ በ2010 አካባቢ፥ ሰው ከማጥመዱ በፊት ይኖር ነበረ ተብሎ ከሚገመተው የወላጅ ዓሣ ብዛት ከመቶ ሁለት ያህል ብቻ ቀርቶት ነበረ። በ2014 መንግሥታቱ ከ30 ኪሎ በታች የሆኑት ወጣት ዓሦች ከ2002 እስከ 2004 ይያዙ ከነበረው በግማሽ እንዲቀነሱ ተስማሙ። ከመቶ ሃያ ለመድረስ እስከ 2034 ጊዜ ተሰጥቶ ሳለ፥ በ2024 የተደረገው ምርመራ በ2022 ከመቶ ሃያ ሦስት እንደ ደረሰ አስታወቀ። ኪንኪ የተባለው የጃፓን ዩኒቨርሲቲም በ1970 የጀመረውን ምርምር ሳያቋርጥ ቀጥሎ፥ ቱናን ከዕንቍላል እስከ ዕንቍላል በእርባታ ማሳደግን በ2002 ፈጸመ። ለዚህ ሥራ ሠላሳ ሁለት ዓመት ፈጀበት።

ይህ ማለት ግን ሥጋቱ አለቀ ማለት አይደለም። በኦማ ወደብ እንኳ ከተፈቀደው መጠን ውጭ ሳይመዘገብ የተሸጠ ቱና በመገኘቱ በ2023 ነጋዴዎች በሕግ ተይዘዋል። ዝና ባለበት ዋጋ፥ ዋጋ ባለበትም ፈተና አይጠፋምና፥ ቍጥጥር ለአንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚተው ሥራ አይደለም።

ስለ አንድ ዓሣ የጀመርነው ነገር ስለ ሰው ሆነ። ዓሣው በሁለት መቶ ዓመት ውስጥ በባሕርዩ አልተለወጠም፤ በኤዶ ዘመን ይዋኝበት በነበረው ወሽመጥ ዛሬም ይዋኛል። የተለወጠው የሰው አፍ፥ የሰው መርከብና የሰው ዝና መውደድ ነው። ዋጋን የሠራ ሰው ልኩንም ለመሥራት እንደሚችል የመጨረሻዎቹ ዐሥራ አምስት ዓመታት አሳይተውናል። አባቶቻችን «ዓሣን መብላት በብልሃት» ሲሉ የተናገሩት በጕሮሮ ላይ ስለሚሰካው እሾህ ነበረ። የቱና ታሪክ ግን ብልሃቱ ከገበታው አስቀድሞ በባሕሩ ላይ እንደሚያስፈልግ ያስረዳናል፤ ባሕሩ ባዶ ከሆነ በኋላ ምንም ያህል የን ቢጠራ ለደወሉ የሚጋደም ዓሣ አይገኝምና።